የተሰረዘው ማንጎ

ሰው በደሉን የሚንከባከበውን ያህል ሌላ ንብረቱን አይንከባከብም። መኪናውን ዘይት ሳይቀይር ስድስት ወር ይነዳል፤ ጥርሱን ካላመመው ለሐኪም አያሳይም፤ ሚስቱን በቀን አንዴ ቀና ብሎ ካያት ትልቅ ነገር ነው። በደሉን ግን ጠዋት ይወለውለዋል፣ ማታ አልብሶ ያስተኛዋል፣ እንግዳ ሲመጣ አውጥቶ ያሳየዋል። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ጤናው የተሟላ፣ በሚገባ የተቀለበ በደል ባለቤት ነኝ።

ታሪኩን ላሳጥረው። ባለቤቴ ጽጌ «ላሳጥረው» ስል ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ትቀመጣለች፤ እናንተ አትፍሩ። አገር ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሳለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቀበሌ ቀበሌ እየተንከራተትኩ ገበሬ የምንጭ ውኃን እንዴት እንደሚከፋፈል አጠናሁ። አማካሪዬ ጥናቱን ተቀበለኝ፤ «ጎበዝ» አለኝ፤ ከዚያም በራሱ ስም አሳተመው። እንዳይዋሽ ታዲያ፣ መቅድሙ ላይ «በትየባ ለተባበረኝ» ብሎ አመስግኖኛል። አቤት ብል ውሌ ሳይታደስ ቀረ። ዲቪ ደረሰኝና መጣሁ፤ እነሆ ዛሬ የኩላሊት ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ እጥበት፣ ከእጥበት ወደ ቤታቸው የማመላልስ፣ የምንጭ ውኃ ሊቅ የሆንኩ ሾፌር ነኝ።

ረቡዕ ሥራ የለኝም። ረቡዕ አቤቱታዬን እጽፋለሁ። እስካሁን አርባ አንድ ገጽ ደርሷል። አቤቱታው የሚገባበት መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ስሙን ቀይሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ አርሜያለሁ። አማካሪዬ ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጆቹን ያጫውታል አሉ። ያጫውት። እኔ አልቸኩልም።

ወደ ነገሬ ልግባ። እዚህ አገር ልጅ ኮሌጅ ለመግባት ውጤት ብቻ አይበቃውም፤ ድርሰት ጻፍ ይባላል። ስለ ምን? ስለ ራስህ! አሥራ ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ስለ ራሱ ምን የሚጻፍ ነገር አለው? ለዚህ እኛ ሐበሾች መላ ዘይደናል። በልጁ ድርሰት የወላጅ መከራ ይጻፋል። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ቆመን የምናወራው ይህንኑ ነው፤ የማን ልጅ የት ገባ፣ በማን መከራ ገባ። እዚህ ሊልበርን ጎረቤታችን የሆኑት ጋሽ ግርማ በሱዳን በረሃ ነው የመጡት። ልጃቸው በረሃውን ጽፎ ስኮላርሺፕ አገኘ። በረሃውን ያቋረጡት ልጁ ሳይወለድ መሆኑን ማንም አልጠየቀም። ጋሽ ግርማ ትከሻዬን ይዘው፣ «ያንተማ እኮ ለጉድ ነው! ምሁር፣ የተዘረፈ፣ ከዚያ ሾፌር። ምን ታደርግበታለህ ታቅፈህ? ለልጅቷ ስጣት» አሉኝ።

ሰጠኋት። ሜላት ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ፣ እራት ላይ ሰጠኋት፣ ትምህርት ቤት ሳደርሳት ሰጠኋት፣ ጥርሷን ልታሳስር ወረፋ ስንጠብቅ ሰጠኋት። እሷም ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ሳትነቅል፣ «አይ ኖው፣ አባዬ። የምንጩ ውኃ» ትለኛለች።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜላት የመንዳት ትምህርቷ ላይ ሳለች፣ ጽጌ የልብስ ቅርጫት በወገቧ ይዛ መጣች። ድርሰቱ ማለቁን፣ ሰኞ እንደሚላክ፣ ላፕቶፑም ጠረጴዛው ላይ ክፍት መሆኑን ነገረችኝ። «ስፔሊንግ ብቻ እይላት» አለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰችና፣ «ስፔሊንግ ብቻ፣ ፕሮፌሰር!» አለች። ፕሮፌሰር የምትለኝ ስታሾፍብኝም ስትሰጋብኝም ነው። የዚያን ቀኑ የቱ እንደነበር ለመለየት አልደከምኩም።

መነጽሬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። የምንጩን ውኃ በልጄ እንግሊዝኛ ላነብ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን «እናቴ የማታውቀውን ሰው እራት ትገምታለች» ይላል።

እንዴት ያለ ነገር ነው? አነበብኩ። ለካ ረቡዕ ረቡዕ ጽጌ ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወጥታ፣ ሜላትን ከትምህርት ቤት ወስዳ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው መንገድ ዳር ባለ አንድ ገበያ ፓርኪንግ ላይ መኪናዋን ታቆማለች። ማንጎ ይገዛሉ። ጉልበታቸው ላይ ፌስታል ዘርግተው፣ ያለ ቢላ፣ እስከ ክርናቸው እየተንጠባጠበ ይበላሉ። ከዚያ ከገበያው ጋሪ እየገፋ የሚወጣውን ሰው ሁሉ እያዩ፣ ዛሬ ማታ ምን ሊበላ እንደሆነ ይወራረዳሉ። የተሸነፈ መሪውን ከማንጎ ያጸዳል። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ አሥራ ሁለት ሎሚና አንድ እቅፍ አበባ ብቻ ይዞ ወጣ። ሜላት ዓሣ ነው አለች። ጽጌ ግን፣ «ይሄ ሰውዬ እራት የለውም። ሊታረቅ እየሄደ ነው፤ ሎሚው አበባ ብቻ ይዞ መግባት እንዳያሳፍረው ነው» አለች። ሰውዬው ጋሪውን እስኪመልስ ድረስ ሁለቱም ሳቁ። መጦሪያው ውስጥ ደግሞ ጠዋት ጠዋት «አግቢኝ» ብለው ከምሳ በኋላ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጽጌ ድምፃቸውን አስመስላ «ትቼዋለሁ» ስትል ሜላት በሳቅ ከወንበሯ ትንሸራተታለች።

ቀጥሎ አንድ አንቀጽ አለ። እናቷ ከንጋት ጀምሮ ቆማ ስትሠራ ውላ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ትሰቅልና «ይኸው ደረስን» ትላለች ይላል። የት? ፓርኪንግ ሎት! ሜላት ግን፣ «የት እንደደረስን ጠይቄያት አላውቅም፤ ደርሰን ነበርና» ብላ ጽፋለች።

ልቤ ተነካ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ቀናሁ። ከዚህች ሴት ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ እግሯን ዳሽቦርድ ላይ ስትሰቅል አይቻት አላውቅም፤ ሽማግሌውን አልሰማሁም፤ የማንንም እራት እንደምትገምት አልነገረችኝም። በዕድሜ የበሰለ፣ በማስረጃ የተደገፈ በደል እያለ ማንጎ ይቅደም? ራሴን ፈለግኩ። በጠቅላላው ድርሰት አንድ ቦታ አለሁ፤ «አባቴ ረቡዕ ቤት ስለሚውል እኛ መኪና ውስጥ እንቆያለን» ይላል። ጎኑ ላይ «ምክንያቱና ውጤቱ አይያያዙም፤ አስረጂ» ብዬ ጻፍኩበት። መምህር ነበርኩ እኮ።

መጀመሪያ ያረምኩት አንድ ነጠላ ሰረዝ ነው። እምላለሁ፣ ያሰብኩት ያንን ብቻ ነበር። ቀጥሎ መግቢያውን በትንሹ አጠንክሬ «አባቴ ምሁር ነበር» አልኩ። ለዚህ ቦታ ስለጠበበ ሎሚ የያዘውን ሰው አወጣሁት። ሽማግሌው ለድርሰቱ ክብር አይመጥኑም፤ ወጡ። አምስት ሰዓት ላይ ማንጎው አልቆ የምንጭ ውኃ ከገጽ ገጽ ይፈስ ነበር። እንዲህ ደስ ብሎኝ ጽፌ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ዲግሪ እያለኝ የማላውቀው አንድ ነገር ነበር። ለካ ያ ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ ብቻ አይደለም፤ የልጅቷ ስልክ ላይም ክፍት ነው። ሜላት ትምህርቷን ጨርሳ ጓደኛዋ መኪና ውስጥ ሆና ስልኳን ስታይ፣ ዓረፍተ ነገሮቿ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። እናቷ ጋ ደወለች። ጽጌ የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ የሰማችው ይህን ነው፤ «ማሚ፣ አባዬ አንቺን ዲሊት እያደረገሽ ነው!»

መጣች። ምን እያደረግክ ነው ስትለኝ «ስፔሊንግ» አልኩ። አጎንብሳ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ቀና አለች። «ያን ሰውዬ ሃያ ሁለት ዓመት ረገምከው» አለችኝ። «እሱ ጽሑፍህን ወስዶ የራሱን ስም ጻፈበት። አንተ የልጅቷን ስም እንዳለ ትተህ ጽሑፏን ወሰድክባት። እስቲ ልዩነቱን አስረዳኝ፣ ፕሮፌሰር።»

 

ሜላት ስትገባ ለጩኸት ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። ጫማዋን እያወለቀች፣ ሳታየኝ፣ «ኢትስ ፋይን፣ አባዬ። ያንተን እልከዋለሁ። ላይክ፣ ኢንግሊሹ ቆንጆ ነው» አለች። ያንን ድምፅ አወቅኩት። የታተመውን መጽሐፍ አማካሪዬ በእጄ ያስያዘኝ ዕለት፣ ቢሮው ውስጥ ቆሜ፣ «ምንም አይደለም፣ ዶክተር» ያልኩበት ድምፅ ነው። ይህን ክፍል በአቤቱታው ላይ ጽፌው አላውቅም። ለልጄም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስነግራት፣ ነግሬያት አላውቅም።

«አይላክም» አልኳት። የፊተኛውን እንድትመልሰው ለመንኳት። አንድ ቦታ ነካ አደረገችና ሁሉም ጠዋት እንደነበረ ተመለሰ፤ ሎሚው፣ ሽማግሌው፣ የእናቷ እግር። እኛ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ማን በነበርኩ! አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብቻ መልሳ አስገባች። «እሷ ልክ ነበረች» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምሁር ዝም ሲል አይታችኋል? አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አሁንም አልገባችኝም አልኩ፤ እኔ ቤት ከዋልኩ እናንተ ለምን መኪና ውስጥ ትቆያላችሁ?

ተያዩ። ጽጌ ፎጣ ማጠፍ ጀመረች። «አታስታውሰውም?» አለች። «ሜላት ስድስት ዓመቷ ነበር። ረቡዕ ነው፤ አንተ ትጽፋለህ፣ እኛ ኩሽና እንስቃለን። በሩን ከፍተህ ‹በዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳ ጸጥታ አይገኝም?› አልክ። ይኸው ረቡዕን ሰጠንህ።» ይህን ስትናገር አልተቆጣችም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረችው። አሥራ አንድ ዓመት! ብርድ ሲሆን ሂተር ከፍተው፣ ሙቀት ሲሆን ኤሲ። እኔ የገበያ ወረፋ ረዝሞባቸው ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ሁለት ጊዜ ለምን ዘገያችሁ ብዬ ተቆጥቻለሁ።

ሰው በልጁ የልጅነት ደስታ ውስጥ ድርሻ ይኖረዋል። የኔ ድርሻ አለመኖሬ ነበር።

የሚቀጥለው ረቡዕ እኔም ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሜላት «ኦፍ ኮርስ!» አለች ፈጥና። ከዚያ አሰበችበት። «ግን ላይክ... አንተ ካልጻፍክ እኮ መኪና ውስጥ መቀመጥ የለብንም። ቤታችን መግባት እንችላለን።» እውነቷን ነው። ምን ይባላል?

ረቡዕ በጊዜ መጡ። ጽጌ ጠረጴዛው ላይ ለእንግዳ የሚወጣውን ጨርቅ አነጠፈች። ማንጎው ተልጦ፣ በእኩል ተቆርጦ፣ ሳህን ላይ ሦስት ሹካ ተሰክቶበት ቀረበ። ከመስኮታችን የሚታየው የጋሽ ግርማ ጋራዥ ብቻ ነው። እኔም ጨዋታ ለማምጣት ብዬ፣ ጋሽ ግርማ ዛሬ እራታቸው ምን ይመስላችኋል አልኩ። ሜላት ቀና ብላ አየችና «ፒዛ» አለች። ፒዛ አድራሹ ደጃፋቸው ቆሟል። «ጎበዝ» አልኳት። ማንም አልተወራረደም። ጽጌ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ከነጫማዋ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ሹካ ሳህን ሲነካ ይሰማል፤ ፍሪጁም ይሰማል። ሽማግሌው እንዴት ሰነበቱ ብዬ ጠየቅኩ። «ደኅና ናቸው» አለች ጽጌ።

በመጨረሻ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ በትሕትና፣ ልጨምርልህ ወይ አለችኝ። እኔም በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ሚስቴና ልጄ ፊት፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ፣ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እናንተንም ሥራ አስፈታኋችሁ» አልኩ።