የጋሽ አብዱልጀባር «እዚችው ናት»

በዚህ አገር መንገድ ጠይቆ እውነተኛ መልስ ያገኘ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። የለም። አንዱን አዛውንት «እዚያ መንደር ለመድረስ ሩቅ ነው?» ብትሏቸው ከንፈራቸውን ወደ ጋራው ሾል አድርገው «ኧረ እዚችው ናት!» ይሏችኋል። አምናችሁ ትነሳላችሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጫማችሁን አውልቃችሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው ትጠይቃላችሁ፤ እሱም ከንፈሩን ያሾላል። «እዚችው ናት» ባይ በየመንደሩ ሞልቷል። የሁሉም አለቃ፣ የአቋራጭ መንገዶች ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ግን ክቡር ጋሽ አብዱልጀባር ዘሐይቅ ናቸው።

ጋሽ አብዱልጀባር ሐይቅ ከተማ ሳይክል ይጠግናሉ፣ ያከራያሉ፤ አገር ማየት የፈለገውን ደግሞ ራሳቸው ፊት ፊት እየነዱ ይመሩታል። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ባታቸው ግን የጎረምሳ ነው። ሁለት ምርጥ ሳይክሎች አሏቸው። ቀዩን «መጋላ»፣ ግንባሩ ላይ ቀለሙ የተላጠውን «ቦራ» ብለው በፈረስ ወግ ስም አውጥተውላቸዋል። አስፋልት አይወዱም። የደሴ ወልድያን መንገድ ለመሻገር እንኳ ወርደው ሳይክሉን በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ ጎማው እንዳይለምድ ነው አሉ። «ከዚህ ውጫሌ በሚኒባስ የሄደ ሰው ምን አየ?» ይላሉ። «የፊተኛውን ሰው ማጅራት!»

ርቀትንም በኪሎ ሜትር አይለኩም፤ እየነዱ በሚያዜሙት መንዙማ ነው። «ስንት ይቀረናል ጋሼ?» ላላቸው «አንድ መንዙማ» ይላሉ። የሌላ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ወሎዬ ግን ስንቁን ይቋጥራል፤ ማታ ተጀምሮ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ላይ የሚያልቅ መንዙማ እንዳለ ያውቃላ!

ራዚያም ወሎዬ ናት። ግን አስራ አንድ ዓመት ጅዳ፣ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ይህን ሁሉ ዘንግታው ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ሱቃቸው በር ላይ ቆመች።

«አክስቴ ዘንድ ነው የምሄደው ጋሼ። ዙለይሃ ትባላለች። አምባሰል ግርጌ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው አሉኝ። እኔ ከሄድኩ ወዲህ ነው እዚያ የገባችው፤ ቤቱን አላውቀውም። ባጃጅም አይደርስም።»

«ዙለይሃን የማያውቅ ማን አለ! ሳይክል ትነጂያለሽ?»

ራዚያ አመነታች። የተማረችው አርብ አርብ አሠሪዎቿ ሲወጡ፣ በልጆቻቸው ሳይክል፣ በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ዙሪያውን፣ ሁልጊዜም ወደ ግራ። ቀጥ ብላ ከሃያ እርምጃ በላይ ነድታ አታውቅም።

«እነዳለሁ» አለች። «ሩቅ ነው እንዴ?»

ከንፈራቸው ሾለ። «ኧረ እዚችው ናት! ቅርብ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ «ሩቅ ነው» ቢሏት ደስታዋ ነበር። ሰበብ ትፈልግ ነበርና። አገሯ ከገባች ሳምንት አልፏታል፤ ሐይቅ ከጓደኛዋ ቤት ተቀምጣ ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። ዙለይሃ እናት አባት የሞቱባትን ራዚያን ያሳደገች ሴት ናት፤ ራዚያም «እማ» እንጂ አክስቴ ብላ ጠርታት አታውቅም። ከረመዳን ወዲህ ግን እማ ስልክ አታነሳም። ደህና መሆኗን ጎረቤት ይናገራል፤ እሷ ግን አታነሳም። ተቀይማኛለች ማለት ነው፤ ሄጄ ፊቷን ብታዞርብኝስ? የራዚያ ጭንቅ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ባትነሳ ይሻላል። ቦራ በራዚያ እጅ ወደ ግራ እንጂ ሌላ አቅጣጫ የማያውቅ ፍጥረት ሆነ። አንዴ የሰው ማሽላ ውስጥ፣ አንዴ የሰው አጥር ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ቆማ የምታመነዥክ ላም ሆድ ላይ። ላሟ እንኳ ታዘበቻት። ራዚያ አፍራ የግቢውን ነገር ነገረቻቸው። ጋሽ አብዱልጀባር አልሳቁም።

«አብሽሪ ልጄ። ጎማውን አትዪው፤ ማዶውን እዪ። እግርሽ ዓይንሽን ተከትሎ ይሄዳል።»

ቀና አለች።

ሱብሃነላህ! የአምባሰል ተራራ ከዳር እስከ ዳር ሰማዩን ዘግቶ ቆሟል። ከሥሩ ጤፉ ገና ወደ ቢጫነት መዞሩ ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ማሳው ሁሉ አንድ ላይ ይተኛና አንድ ላይ ይነሳል። ማሽላው ራሱን ደፍቷል። ወንዙ በመሀል ያበራል። ከኋላ፣ ከሐይቁ ወዲያ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ቀጭን ሆኖ ይሰማል። መኪና የለም። ጥሩንባ የለም። ግንብ የለም። መንገዲቱ አንድ ሰው የምታሳልፍ ቀይ አፈር ናት፤ በዚያች ላይ ቦራ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ የሚያቆመው ነገር ጠፋ። ይህን አገር ጥዬ ነው የሄድኩት? አለች ራዚያ በልቧ። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«አለቀስሽ እንዴ?» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር፣ ዞር ሳይሉ።

«ትንኝ ገባብኝ።»

«እዚች ቦታ ላይ እኔም ይገባብኛል» አሉ። «አርባ ዓመቴ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጋሽ አብዱልጀባርን ተከትሎ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ሰላምታው! አንድ ሰው ሳይወርዱ አያልፉም። የሰውየውን ልጆች፣ የልጆቹን ልጆች፣ ያመማትን በቅሎ ሳይቀር አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ዱዓ ተደርጎ አሚን ሳይባል ፔዳል አይረገጥም። እንዳለ የሚባል ባለ ማተብ ገበሬ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ አገኛቸውና እሸት ጠብሼ ካላበላሁ አላሳልፍም አለ። አመድ የነካውን ትኩስ እሸት አሽቶ፣ እፍ ብሎ፣ «ጀባ!» ብሎ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። ራዚያ በልታ፣ አመስግና፣ ይኸኛው ክርስቲያን ነው፣ ምናልባት እውነቱን ይነግረኝ ይሆናል ብላ ጠየቀችው።

«የዙለይሃ ቤት ሩቅ ነው ወንድሜ?»

እንዳለ ከንፈሩን ሾል አደረገ። «ኧረ እዚችው ናት!»

ሃይማኖታቸው ቢለያይ ከንፈራቸው አንድ ነው።

የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ወንዙ ዳር ሰገዱ። ሳይክሎቹን ተሸክመው ውሃውን እስከ ጉልበታቸው ተሻገሩ። ወንዙን ሲሻገሩ አቀበት ጠበቃቸው፤ ከአቀበቱ በኋላ ሌላ አቀበት። ጋሽ አብዱልጀባር ሦስተኛውን መንዙማ ጀምረዋል፤ እያዜሙ ዳገት ይወጣሉ፣ ትንፋሻቸው ከየት እንደሚመጣ አላህ ይወቀው። ራዚያ ቦራን መሬት ላይ ጣለችው።

«ጋሼ! ከጠዋት ጀምሮ ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው ይሉኛል። አንድ መንዙማ አሉኝ፤ ይኸው ሦስት ሆነ! በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይዋሻሉ?»

ጋሽ አብዱልጀባር መንዙማውን ከመሀል አቋረጡ። ይህ በታሪካቸው ሆኖ አያውቅም።

«ደርሰናል እንዴ?» አሉ።

«አልደረስንም!»

«ታዲያ ሳንደርስ ውሸት መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ይምጣ። ራዚያን ግን ሌላ ነገር ያዛት። «ቅርብ ነው» ብላ የጮኸችው ቃል ከራሷ አፍ ወጥቶ ራሷን ወጋት። ማን ነበር በስልክ «በቅርቡ እመጣለሁ እማ» የሚለው? ለረመዳን፣ ቅርብ ነው። ለአረፋ፣ ቅርብ ነው። ኮንትራቴ ሲያልቅ፣ ቅርብ ነው። አስራ አንድ ረመዳን፣ አስራ አንድ አረፋ። ለካ የ«ቅርብ ነው» ባዮች አለቃ ጋሽ አብዱልጀባር ሳይሆኑ እሷ ራሷ ኖራለች! ቦራን አነሳች፣ አቧራውን አራገፈችለት፣ ዳገቱን ወጣች።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቤት አለች። ደጇ ላይ አንዲት አሮጊት ሰሌን ላይ ተቀምጣ ማሾ ትለቅማለች፤ ዓይኗ ደክሟል መሰለኝ፣ የምትለቅመው በጣቷ እየዳሰሰች ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ዙለይሃ!» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር።

«ወአለይኩሙ ሰላም አብዱልጀባር። ማንን ነው ይዘህ የመጣኸው? ትንፋሽ ይሰማኛል።»

ራዚያ ቦራን ለቀቀችው። ሄዳ ተንበረከከች። አሮጊቷ ማሾውን ወደ ጎን አድርጋ የራዚያን ፊት ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። እጇ እዚያው ቀረ።

«ቆየሽ» አለች።

«ዋሸሁሽ እማ። አስራ አንድ ዓመት ቅርብ ነው እያልኩ ዋሸሁሽ። ብትቀየሚኝ እውነትሽን ነው፤ ስልኬን ባታነሺም…»

«ተቀይሜ ነው ያለሽ ማነው? ፈርቼ ነው። በረመዳን ድምፅሽ አላማረኝም ነበር። አሁን ባነሳው ‹ቀርቻለሁ እማ› ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ካላነሳሁት ያለፈው ‹ቅርብ ነው› አለልኝ።» በነጠላዋ ጫፍ የራዚያን ፊት ጠረገች። «ወላሂ ልጄ፣ አንድ ቀን ‹ሩቅ ነው› ብለሽኝ ቢሆን ይህን ጊዜ አፈር ነኝ። ቅርብ ነው ስላልሽኝ ነው የጠበቅኩሽ።»

ራዚያ እንደ ልጅነቷ ጭኗ ላይ ተደፋች። ጋሽ አብዱልጀባር ለመጋላ ካቴና ድንገት ሥራ ፈጠሩለት፤ ዳገት ላይም ትንኝ አለ መሰል ዓይናቸውን ያሻሉ።

ጥላው ረዘም ሲል እማ ዙለይሃ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ የጠየቀችው ነገር ቀላል አልነበረም።

«እንግዲህ ሐይቅ ሆነሽ ትመላለሺ ይሆን? ወይስ ለአንቺ መንገዱ ሩቅ ነው?»

ራዚያ ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ አቧራ ናት። ያን ወንዝ፣ ያን ሁሉ አቀበት፣ ያን ማሳ ዞራ አየችው። ከዚያ ከንፈሯን ወደ መጡበት ጋራ ሾል አደረገች።

«ኧረ እዚችው ናት እማ!»

ጋሽ አብዱልጀባር ከካቴናው ቀና አሉ።

«አንድ መንዙማ» አሉ። «ያውም አጭሯ።»