ሰዓት ጠጋኙ ያገለገለ ምድጃ ሊመርጡ እንደ ዘመቱ

በዘመነ ሁለት ካልሲ፣ በጋብቻቸው በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያቸው ተቃጥሎ ባረፈ በሦስተኛው የብርድ ወራት፣ የልብስ መስፊያው ክፍል ግድግዳ ማላብ በጀመረ በአርባኛው ቀን፣ ኃያሉ ሰዓት ጠጋኝ፣ መኰንነ ደቂቃት፣ ፈታሔ ብሎን፣ መዋዔ ዝገት፣ ባለ አንድ ዓይን ማጉያ መነጽር፣ ቤታቸውን ከብርድ እጅ ሊያድኑ ተነሡ። እኛም ይህን ዜና መዋዕል የጻፍነው ያየነውን ሳንቀንስ፣ የሰማነውንም ብዙ ሳንጨምርበት ነው።

የዘመቻው ምክንያት እንዲህ ነው። የጀግናው ባለቤት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ንግሥተ መርፌ፣ እመ አዝራር ይባሉ ነበር፤ በእጃቸው የሚሠሩት የአዝራር ቀዳዳ ከጀርባ ቢያዩት ከፊቱ አይለይም ነበር። ነገር ግን ብርዱ በገባ ቁጥር ጣቶቻቸው እየደረቁ መርፌ አልያዝም አሉ፤ በዚያም ሰሞን አንዲት ሙሽራ ያሠራችው ነጭ ኮሌታ ላይ የደም ጠብታ አረፈች፤ ኮሌታውም ተፈትቶ እንደ ገና ተሰፋ። ጀግናው ግን «ምድጃ እኔ እመርጣለሁ» ብለው ቃል ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያዩት ምድጃ በሩ በግማሽ ሚሊሜትር ዘመመባቸው፤ ተዉት። በሁለተኛው ዓመት የተገኘው አንድ እግሩ ከሦስቱ በጥፍር ውፍረት አጥሮ ተገኘ፤ ተዉት። በየዓመቱም ባዶ እጃቸውን ግን ሙሉ ማብራሪያ ይዘው ተመለሱ።

ስለዚህ እመቤቲቱ ሰኞ ማለዳ፣ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ፣ በሱቁና በመስፊያው ክፍል መካከል ባለው በር ላይ ቆመው ይህን አዋጅ አወጁ። «ሰምተሃል፤ በኋላ አልሰማሁም እንዳትለኝ። ጣቴ መርፌ መያዝ አቅቶታል። እስከ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ይሄ ክፍል ካልሞቀ ማሽኔን አስጭኜ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ብርዱ ሳይወጣም አልመጣም። አንተ ከሰዓቶችህ ጋር ተሟሟቅ።»

ጀግናው ይህን በሰሙ ጊዜ የሚጠግኑትን ሰዓት ከእጃቸው አኖሩ። የእህቲቱ ቤት ሞቃት እንደ ሆነ፣ ሶፋውም ሰፊ እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ያንን ሶፋ ትተው ማን ይመለሳል ብለው ሰጉ። ከዚህም የባሰ ሌላ ነገር ነበረ፤ ለማንም ነግረውት አያውቁም እንጂ፣ ከግድግዳው ወዲያ የእመቤቲቱ ማሽን ሲንደቀደቅ ካልሰሙ እጃቸው አይረጋም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለዚያ ድምፅ አንዲት ሰዓት ጠግነው አያውቁም። ስለዚህም በዚያው ቀን የራሳቸውን አዋጅ አወጡ። «ምድጃውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ማንም እንዳይከተለኝ፤ ማንም እንዳይመክረኝ።»

ይህ አዋጅ በተነገረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተከተላቸው ሠራዊት ቁጥሩ ይህ ነው። በመሪው ላይ የእመቤቲቱ ወንድም ባለ ፒካፑ፣ ሊቀ ጎማ፣ ፍሬኑ ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ የማይሰማለት። ከኋላ በጭነቱ ላይ ጎረቤታቸው ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር፣ መጋቤ ነፋሳት፣ ያልተጠየቁትን ሁሉ የሚመልሱ። በጋቢናው ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው ቀድመው የተቀመጡት አማታቸው፣ እመ እመቤት፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ ምላሳቸው ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነ። የጦር መሣሪያቸውም አንድ ማጉያ መነጽር፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ካሊፐር የሚሉት ውፍረት መለኪያ፣ እንዲሁም መምህሩ ከድሮ የፈተና ወረቀት የቆራረጧቸው አሥራ አንድ ቀጫጭን ወረቀቶች ነበሩ።

ወእምዝ ማክሰኞ ጠዋት ወደ አሮጌ ብረት ነጋዴው ግቢ ገሠገሡ። ይህ ነጋዴ በሰው ዘንድ «ይሠራል» በሚል ስም ይታወቅ ነበር፤ መስታወት የሌለው ቴሌቪዥን ቢያሳዩት፣ ክንፍ የሌለው ቬንትሌተር ቢያነሡበት፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበርና። በግቢውም ውስጥ ነፋስ በሚያፏጭበት ሜዳ ላይ ሰባት የብረት ምድጃዎች ተሰልፈው ቆመው ነበር። ይሠራልም ከጎጆው ብቅ ብሎ እንዲህ ሲል አወጀ። «ጋሼ፣ ሰባቱም ይሠራሉ። ከእርስዎ የሚጠበቀው እንጨት ብቻ ነው።» ይህንንም ብሎ ተመልሶ ወደ ጎጆው ገባ፤ በሩንም ዘጋ።

ጀግናውም ጦርነቱን ከፈቱ። የመጀመሪያው ምድጃ ጥቁር፣ ግዙፍ፣ በሩ ላይ አበባ የተቀረጸበት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ነበር። የእጅ ባትሪውን አብርተው ሆዱ ውስጥ አኖሩት፤ በሩን ገጠሙ፤ ከዚያም ኮታቸውን በራሳቸው ላይ ደፍተው በጀርባው በኩል ተመለከቱ፤ እነሆም በቀለሙ ሥር ከተሸሸገ ስንጥቅ አንዲት የብርሃን ክር ወጣች። ብርሃን የወጣበት ጢስም ይወጣበታልና ወደቀ። በሁለተኛው ላይ ወረቀት ዘመተችበት፤ ይኸውም ወረቀቷን በበሩ መካከል አድርገው ዘግተው ሲስቧት ከያዛት በሩ ጥብቅ ነው፣ ዝም ብላ ከመጣች ግን ቤቱ በጢስ ይታፈናል ማለት ነው፤ እርሷም ዝም ብላ መጣች። በወረቀቷ ላይ «የነፋስን አቅጣጫ የሚወስኑ ነገሮችን ዘርዝር» የሚል ጥያቄ ተጽፎባት ነበርና መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ለምድጃው ዜሮ ሰጡት። ይህ የመምህሩ የመጨረሻ ገድል ነው፤ ከዚያ በኋላ በሜዳው ላይ አልታዩም።

ሦስተኛው ውስጡ ያሉት የእሳት ጡቦች በጣት ሲነኩ የሚፈረፈሩ ነበሩ። አራተኛው ፍርግርጉ የሌላ ምድጃ ነበር። በአምስተኛው ላይ ጀግናው ጆሯቸውን ለጥፈው በጣታቸው አንኳኩ፤ እንደ ሰዓት ልብ ትርታውን ብዙ አዳመጡ፤ ከዚያም ራሳቸውን ነቅንቀው ዕድሜው አጭር ነው አሉ። ስድስተኛው ምንም ዓይነት እንከን አልተገኘበትም፤ ስለዚህም ተጠራጥረው ተዉት።

በሰባተኛው ፊት ተንበርክከው፣ ከአመድ መሳቢያው በታች ያለችውን ብሎን ሊመረምሩ ማጉያቸውን ባነሡ ጊዜ ግን ታላቅ ነገር ሆነ፤ ማጉያው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ሞከሩ፤ ጣቶቻቸው አልታዘዙም። ዳግመኛ ሞከሩ፤ አንሸራተተ። በሦስተኛው በሁለት መዳፋቸው እንደ ሕፃን አቅፈው አነሡት፤ ተመልሶም ጭቃ ላይ ወደቀ። በዚያች ቅጽበት የእመቤቲቱ ጣቶችና ያች የደም ጠብታ ትዝ አሏቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቸው የሚሊሜትር ክፋይ ሲቆጥሩ እመቤቲቱ እንዲህ ባለ እጅ የሰው ሠርግ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። አፈሩ። ይህን በዜና መዋዕል መጻፍ ለጀግና ባይመችም እውነት ነውና ጻፍነው፤ ጭቃው ላይ ተንበርክከው እጅግ አፈሩ።

ማጉያውን የሚያነሣላቸው ሰው ፍለጋ ዞር ቢሉ ሠራዊቱ ሁሉ ከድቷል። ፈለጉት፤ በይሠራል ጎጆ ውስጥም አገኙት። ባለ ፒካፑ ጃኬቱን አውልቋል፤ መምህሩ ስለ ውቅያኖስ ሞገድ ለይሠራል ያስረዳሉ፤ አማታቸው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘርግተው ያንኮራፋሉ። በመካከላቸውም አንድ ምድጃ ይነድዳል፤ አጭር፣ ሆዳም፣ መልከ ጥፉ፣ በአንድ እግሩ ፈንታ ጡብ የተደገፈ፣ በላዩ የተጨረማመተ ማንቆርቆሪያ የተቀመጠበት። ጀግናውም እጃቸውን ዘረጉበት፤ ልማዳቸው ነውና በልባቸው ሰከንድ ቆጠሩ። ዘጠና ሳይሞላ ጣቶቻቸው ተመለሱ። ባትሪ ሳያበሩ፣ ወረቀት ሳይስቡ፣ ማጉያ ሳያነሡ፣ በሕይወታቸው ታይቶ የማያውቀውን አዋጅ አወጁ። «ይሄ ነው። ሌላ አልፈልግም።»

የይሠራል ፊት ተለዋወጠ። ተነሥቶ በምድጃውና በጀግናው መካከል ቆመና መለሰ። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄስ አይሸጥም! ይሄ የራሴ ነው። ሰባት ምድጃ ደጅ ቆሞልዎ እኔን በብርድ ሊፈጁኝ ነው?»

በዚህ ጊዜ እመ እመቤት፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ፣ ጦርነቱን ሁሉ በአንድ አዋጅ ፈጸሙት። «ልጄ፣ ሰባቱም ይሠራሉ አላልክም? እንግዲያው አንዱን አስገባና እሱን ሙቅ። ይሄን ለኛ ስጠን።»

ይሠራል በበሩ በኩል ሰባቱን ምድጃዎች በየተራ ተመለከተ። ያቺን የለመዳትን ቃል ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሏ ግን አልወጣችም። ከብዙ ማላብ በኋላም በአንድ ቃል ኪዳን እጁን ሰጠ፤ ይኸውም ጀግናው ከሰባቱ መካከል በእውነት የሚሠራውን አንዱን እንዲመርጡለት ነው። ጀግናውም ሳያመነቱ ስድስተኛውን አመለከቱት።

በዚህ ድሉ ተፈጸመ ብሎ የሚያስብ ሰዓት ጠጋኝን አያውቅም። እሳቸው ሌላ ሰው የገጠመውን ነገር ሳይፈቱ በቤታቸው ማሳደር አይችሉም። ስለዚህ ቤት እንደ ደረሱ ባለ ፒካፑ ግድግዳውን በስቶ የጢስ ቱቦውን ሲያቆም፣ ጀግናው ምድጃውን በሁለት ብርድ ልብስ ላይ አጋድመው እስከ መጨረሻው በታተኑት። ስልሳ ሦስት ክፍል ሆነ። እያንዳንዱን በጥርስ ብሩሽ አጠቡ፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ጽፈው አጠገቡ አኖሩ፤ የበሩን ማጠፊያ በመርፌ ጫፍ በሰዓት ዘይት ቀቡ፤ አራተኛውንም እግር ራሳቸው ሠርተው ተከሉለት። ረቡዕ አለፈ፤ ሐሙስ አለፈ፤ ዓርብ ደግሞ ሳይሰናበት ሄደ። እመቤቲቱ በጓንት እንደ ሆኑ በክፍሉ ያልፋሉ፤ ያያሉ። ማሽኑም ዝም ብሎ ነበር።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ምድጃው ተገጥሞ ቆመ። በብርድ ልብሱም ላይ አንዲት ብሎን ቀረች።

ቁጥር አልነበራትም። ከአመዱ ውስጥ የወጣች ትሁን ወይስ ከምድጃው ሆድ የጎደለች፣ ማንም አላወቀም። ጀግናው በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመናቸው የአሸዋ ቅንጣት የምታህል እንኳ ተርፋባቸው አታውቅም፤ ትርፍ ብሎን ያስቀረ ሰዓት ከሱቃቸው አይወጣም ነበር። እንደ ሕጋቸው ከሆነ እንደ ገና መፍታት አለባቸው፤ ለዚያም እስከ ማታ ያለው ጊዜ አይበቃም። ከውጭ የፒካፑ ሞተር ተነሣ። ማሽኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በር ላይ ተቀምጧል፤ እመቤቲቱም ኮታቸውን ለብሰው አጠገቡ ቆመዋል። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ጀግናው በቀኝ እጃቸው ጠመንጃ መፍቻ፣ በግራቸው ክብሪት ይዘው በመካከል ቆሙ። ሰባት ምድጃ የጣለ ክንድ በዚያች ብሎን ፊት ዛለ።

ከዚያም መፍቻውን መሬት ላይ አኖሩ። ብሎኗን ኪሳቸው ከተቱ። ክብሪቱን ጫሩ።

በመጀመሪያ የሰዓት ዘይቱ ተቃጠለና ሽታው ቤቱን ሁሉ ሞላው፤ ሠራዊቱም እያሳለ አፈገፈገ። ቀጥሎ ጢሱ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያም ታዝዞ ወደ ቱቦው ገባ። ብረቱ ቋ፣ ቋ እያለ ተፍታታ። በግድግዳው ላይ ያሉት አሥራ አንድ ሰዓቶች አንድ ላይ ስምንት ሰዓትን ሲደውሉ እመቤቲቱ አንዱን ጓንት አወለቁ፤ እጃቸውንም ከምድጃው በላይ ዘረጉ። ሁለተኛውን አወለቁ። ብዙ ቆዩ። ከዚያም ከኮታቸው አንገት ላይ መርፌ ነቅለው፣ ክር በምላሳቸው አርሰው፣ በአንድ ሙከራ አሾለኩት። ማሽኑን የተሸከመውን ወንድማቸውንም አይተው የዘመኑን አጭር አዋጅ አወጁ። «መልሰው።»

እነሆ ዘመነ ሁለት ካልሲ ተፈጸመ፤ ዘመነ አንድ ካልሲም ገባ። ምስጋና ለኃያሉ ሰዓት ጠጋኝ ይሁን፤ ሰባት ምድጃ ስለ ጣሉ አይደለም፤ ስምንተኛውን ስለ ማረኩም አይደለም፤ እርሱን አማታቸው ማረኩት። ነገር ግን ከሰዓት ጠጋኞች ሁሉ አንዲት ብሎን ተርፋው እሳት የለኰሰ ከእሳቸው በፊት አልተሰማም፤ ከእሳቸውም በኋላ የሚሰማ አይመስለንም። ዛሬም በሱቃቸው ተቀምጠው ማጉያቸውን በዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ፣ እጃቸው አንዳንዴ ወደ ኪሳቸው ይሄድና ያቺን ብሎን ይዳስሳል፤ ፊታቸውም ይጨፈግጋል። ወዲያው ግን ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ መንደቅደቅ ይጀምራል፤ እጃቸውም ከኪሳቸው ወጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።