ክቡር ጆሮና ሁለቱ ሣጥኖች

ውድ ስፒከር የገዛ ሰው ሙዚቃ የሚያዳምጥ ይመስላችሁ ይሆናል። ተሳስታችኋል። ሙዚቃውን የምናዳምጠው አብረነው የምንኖረው እኛ ነን፤ እሱ የሚያዳምጠው ስፒከሩን ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየቤተ ዘመዱ አንድ አይጠፋም። አጎታችሁ ይሆናል፣ አከራያችሁ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ "ግባና አንድ ነገር ላሰማህ" ብሎ ከምሳ በፊት አስገብቶ ሲመሽ የለቀቃችሁ ጎረቤት።

የእኛው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሙያቸው ፋርማሲስት፣ በኑሯቸው ወንደላጤ፣ በሌሉበት ደግሞ "ክቡር ጆሮ" ይባላሉ። ፊት ለፊት "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ወላጆቻቸው በተዉላቸው ቤት አብረን እንኖራለን። ጓዳው የእኛ ነው፤ ሳሎኑ የእሳቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ሳሎኑ የሁለቱ የስፒከር ሣጥኖች ነው።

በተፈጥሮዬ ፈሪ አይደለሁም። ውሻ አልፈራም፣ አለቃዬን አልፈራም። እነዚያን ሁለት ሣጥኖች ግን እፈራለሁ። ጥቁር ናቸው፣ ቁመታቸው ደረቴ ድረስ ነው፣ አቧራ እንዳይነካቸው ነጭ አንሶላ ለብሰው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው በበሩ ብቅ ብሎ አያቸውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እነማን ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ።

የቆሙበት ቦታ ወለሉ ላይ በቁስል ፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል። የማዳመጫዋ ወንበርም እንደዚሁ። ክቡር ጆሮ ለማዳመጥ ሲሰየሙ ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀላል፤ "ያጉረመርማል" ይሉታል። የግድግዳው ሰዓት መታጠቢያ ቤት ይታሰራል። ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፏን ታቆማለች። እኔን ያስነጠሰኝ ዕለት ሸክላው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ተደርጓል፤ እስኪያልቅም ማንም አላናገረኝም።

ከሁሉም የሚከፋው ፈተናው ነው። "ና እስቲ ቁጭ በል" ይሉኛል። ወንበሯ ላይ እቀመጣለሁ። ጥቂት ያሰሙኝና ከሣጥኖቹ ኋላ ጎንበስ ብለው አንዱን ገመድ በሌላ ይቀይራሉ። ከዚያ ያንኑ ዘፈን መልሰው ያሰሙኛል።

"ልዩነቱን ሰማኸው አይደል?"

"እንዴታ!"

"የቱ ጋ?"

ወይ ጉዴ! ላብ ያጠምቀኛል። ብዙ ከተሰቃየሁ በኋላ ያገኘሁት መልስ "መሃል ላይ" የሚለው ነው። "መሃል ላይ ትንሽ ከፈት አለ ጋሼ" እላለሁ። ይኼኔ ትከሻዬን ጨብጠው "ዘፈኑን እኮ አይደለም የምትሰማው፣ አየሩን ነው!" ይላሉ። እኔን እንኳ አየር የሚያጥረኝ እዚያች ወንበር ላይ ነው።

ፊልም የሚታይበት ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት መጋረጃው ተዘግቶ የሚያስፈራ ፊልም እናያለን። ሣጥኖቹ ሁለቱም ከፊታችን ናቸው፤ ከኋላችን ግድግዳ እንጂ ምንም የለም። እንዲያም ሆኖ አንድ በር ልክ ማጅራቴ ስር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ተነሥቼ ጓዳውን አይቼ ተመለስኩ። ተቀመጥኩ እንጂ አላረፍኩም፤ ከሶፋው ጀርባ ሰው ይራመድ ጀመር። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ተከለችብኝ። ከዚያ ነጎድጓዱ መጣ። የቡፌው ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ፣ አንደኛው በገዛ እግሩ ጠርዝ ድረስ ሄዶ ወደቀ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ስትሮጥ ደረሰች። "ኧረ ምን ሆናችሁ! ሌባ ገባ እንዴ?"

ክቡር ጆሮ ፊታቸው በርቶ "ቁጭ በይ እቴ፣ ከመጀመሪያው ላስጀምርልሽ" አሉ። ሴትዮዋ እግሬ አውጪኝ ብላ ወጣች።

ጆሯቸውንስ ነግሬያችኋለሁ? ባለቤቴ የፀጉር ማስያዣዋን ግራው ሣጥን ላይ ረስታ፣ ዘፈኑ ገና ከመጀመሩ "ማነው ግራው ላይ ነገር ያስቀመጠ?" ብለው ጮኸዋል። እናም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወለል ስወለውል የመወልወያዬ እጀታ ቀኙን ሣጥን ገፍቶ ከቦታው ሲያንሸራትተው ምን እንደሆንኩ ገምቱ። እንዳልመልሰው ፕላስተሩ በውሃው ተነሥቶ ጨርቁ ላይ ተለጥፏል። በግምት ገፋሁት፣ ሳብኩት፣ መልሼ ገፋሁት። ሲመጡ ጓዳ ገብቼ ድስት ሳፀዳ ዋልኩ፤ ድስቱ ንጹሕ ነበር።

መጡ፣ ተቀመጡ፣ አዳመጡ። ጩኸቱን ጠበቅሁ። ምንም የለም። ሸክላው አለቀ፣ "እሰይ፣ ግሩም ነው" ብለው ተነሡ።

ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ባለቤቴን አቀፍኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። "ፍሪጁን አልነቀለውም" አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እያየን የማናየውን ነገር ማየት ጀመርን። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቀረ። የሙዚቃው ድምፅ በየቀኑ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። አንድ ቀን ባለቤቴ በቀኛቸው በኩል ቆማ "ጋሼ!" ብላ ጠራቻቸው፤ ዝም አሉ። ደገመችው፤ አሁንም ዝም። ሦስተኛውን በግራቸው ዞራ ስትጠራቸው "አቤት፣ ምነው ትጮሂያለሽ?" አሏት።

ከዚህ ወዲያ "ክቡር" ማለቱንም አንቱታውንም ልተወው፤ ሰው ሲፈራለት ማዕረግ አይመጣለትም። የምንፈራውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አባታቸው በስተርጅና ደንቁረዋል። መጀመሪያ አንዱ ጆሮ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ባለቤቴ ጓዳ ቁጭ ብላ "የአባባም እንዲህ ነው የጀመረው" እያለች አለቀሰች። ያ ሰው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ጆሮው ከሄደ ምን ይቀረዋል?

"አንተ ንገረው" አለችኝ።

"እህቱ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"እኔን ካየ የአባባ ነገር ነው የሚመጣበት። ወንድ ለወንድ ተነጋገሩ።"

ስንት ቀን ሳሎኑ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ! "ጋሼ" እልና፣ "ምን?" ሲለኝ "እራት ደርሷል" ብዬው እመለሳለሁ። በመጨረሻ ቆርጬ ስገባ ሙዚቃ የለም። አንሶላዎቹ ወለሉ ላይ ተጥለዋል። እሱ ሸሚዙ በላብ ርሶ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል።

"ቀኙ ሞተብኝ" አለኝ። "የተቃጠለ መስሎኝ አንስቼ አቀያየርኳቸው። ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ።"

"እሺ?"

"አሁንም የማይሰማኝ በቀኝ በኩል ያለው ነው።" ቀኝ ጆሮውን ነካ አደረገ። "ስፒከሩ አይደለም እንግዲህ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ይኸው መጣ።

"ያ ፕላስተር የት እንደሄደም አልጠየቅኩም" አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ። "መንቀሳቀሱን ካልሰማሁት ምን ብዬ ልጠይቅ? ፈርቻለሁ፣ እውነቴን ነው። አባባ መጨረሻ ላይ የምንለውን አይሰማም፤ ሁላችንንም ፈገግ ብሎ ዝም ብሎ ያየን ነበር። እኔ ያን ፈገግታ ነው የምፈራው።"

በነጋታው ይዤው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ተራ ስንጠብቅ እጅጌዬን ይዞኝ ነበር፤ መያዙንም ያወቀ አልመሰለኝም። እኔም እንዳይለቀኝ ብዬ አልተንቀሳቀስኩም። ሐኪሟ በመብራቷ ጆሮውን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ መልሳ አየች። ነፍሴ ከሥጋዬ ልትለይ ደረሰች። ከዚያ ቀጭን ወረንጦ አንስታ፣ ቀስ ብላ፣ ጠቁሮ የጠነከረ አንድ ነገር ጎትታ አወጣች።

"ጥጥ ነው" አለች። "ከጆሮ ኩክ ጋር ደርቆ ደፍኖት ነበር። ማነው የከተተው?"

ጋሼ ወለሉን አየ። በኋላ ነው የነገረኝ፤ ሥራ ሲሄድና ሲመጣ የመኪና ጥሩምባ ጆሮውን እንዳይጎዳበት በሁለቱም ጆሮው ጥጥ ይወትፋል። ከፋርማሲው መደርደሪያ ነው የሚያነሳው። ከእለታት አንድ ቀን ሲያወጣ የቀኙ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። ይኸው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ቆሞ ለእናቶች "ጆሮ ውስጥ ምንም ነገር እንዳትከቱ!" እያለ ሲያስጠነቅቅ የሚውል ነው። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም።

"ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችው ሐኪሟ ካርዱ ላይ ልትጽፍ።

"ነጋዴ ነኝ" አለ ጋሼ።

እኔ የግድግዳውን ሥዕል አየሁ።

ከበሩ ወጥተን እግረኛ መንገዱ ላይ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። የመኪናው፣ የሰው፣ የሱቁ መዝጊያ ድምፅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሳይመጣበት አልቀረም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አመመህ እንዴ ጋሼ?" አልኩት።

ወደ እኔ ዞሮ ፊቱን አኮሳተረ። "አንተ ሰውዬ፣ ስትተነፍስ አፍንጫህ ያፏጫል እኮ!"

"የኔ?"

"የማን ሊሆን ነው? ለመሆኑ ሚስትህ እንዴት ነው የምትተኛው? ጫማህም ይጮሃል። የቀኝ እግርህ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አኩርፌ ታክሲ እሳፈር ነበር። ያን ቀን ግን እስከ ቤታችን በእግራችን እንድንሄድ ለመንኩት። እሱ ሲነዘንዘኝ፣ እኔ በቀኙ በኩል ጆሮው ስር ገብቼ፣ ሆን ብዬ በአፍንጫዬ ጠንከር አድርጌ እየተነፈስኩ ሄድኩ።