ግድግዳ ድረስ የምትሄድ ሞተር

ከቤቱ የማይነሳ መንገደኛ የሌለበት ሰፈር የለም። ጫማው ተወልውሏል፣ ሻንጣው ተቆልፏል፣ ካርታው ተጣጥፎ ኪስ ገብቷል፤ ብቻ አንዲት ነገር ቀርታለች። ያቺ አንዲት ነገር ዘንድሮም ትቀራለች፣ ለከርሞም ትቀራለች። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙዎች በሩቁ ያውቁታል። አግብቶት መኖር ግን ሌላ ነው።

የዚህኛው ሰፈር መንገደኛ ክቡር ሚሊሜትር ይባላሉ። ሚሊሜትር የሚለውን ያወጣላቸው ፊት ለፊታቸው የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነው፤ ክቡር የሚለውን የጨመረው ሰፈሩ ነው። ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት በየሱቁ እየዞሩ ሚዛን ሲመረምሩ ነበር። ጡረታ እንደወጡ ያገለገለች ትልቅ ሞተር ገዙ፤ ሁለት ሰው ከነጓዙ ተሸክማ አገር ላገር የምትዞር፣ በግራና በቀኝ ሳጥን ያላት፣ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው መደገፊያ የተሠራላት።

"በዚች ነው እህትሽ ቤት የምወስድሽ" አሏት ሚስታቸውን።

ታላቅ እህቷ ያለችው ከተራራው ማዶ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው። ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት ከቤቷ አትወጣም። ሚስትየዋ ደግሞ አውቶቡስ ገና ሞተሩን ሲያስነሳ ያጥወለውላታል፤ ንፋስ ፊቷን ካልመታት መንገድ አይሆንላትም። ስለዚህ ሞተሯ የመጣች ዕለት ለእህቷ የሚሆን ነጠላ ጫማና የአንገት ልብስ ገዝታ በግራው ሳጥን አስቀመጠች። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

የቀረችው አንዲት ነገር የፊት መብራቷ ናት።

ሲመሻሽ ክቡርነታቸው ሞተሯን ጎትተው ያወጡና ከልብስ ሰፊው ግድግዳ አሥር ሜትር ለክተው ፊት ለፊት ያቆሟታል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሰመረ መስመር አለ። የብርሃኑ ጫፍ እዚያ መስመር ላይ ልክ ማረፍ አለበት፤ ከፍ ካለ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል፣ ዝቅ ካለ መንገዱን አያሳይም። ታዲያ ከኋላ ክብደት ሲያርፍባት ሞላው ረገብ ይልና መብራቱ ቀና ስለሚል፣ ልኩ የሚታወቀው ተጓዦቹ ከነጓዛቸው ሲቀመጡባት ነው። ስለዚህ ሚስት ትጠራለች።

እጇን በመቀነቷ ጫፍ እየጠራረገች ትመጣለች። ሄልሜት ታደርጋለች፤ "ሄልሜቱም ኪሎ አለው" ይላሉ። ከኋላቸው ትወጣለች። እሳቸው ከፊት ሆነው ካቻቢቴውን ወደ መብራቱ ጀርባ ይሰዱና ብሎኗን በጥቂቱ፣ እጅግ በጥቂቱ፣ ያዞሯታል።

"ወደ ፊት ዘንበል አትበይ!"

"አላልኩም እኮ።"

"ብለሻል! ዘንበል ስትይ ብርሃኑ ይወርዳል። ሚሊሜትር ቀልድ መሰለችሽ? እዚህ አንድ ጣት፣ እዚያ አንድ ገደል!"

ልብስ ሰፊው ከደጁ ሆኖ ክር በጥርሱ እየበጠሰ ይጠይቃል፦ "ዛሬስ የት ደረሳችሁ?"

"ግድግዳው ጋ" ትላለች እሷ፣ ቀስ ብላ።

"ተመስገን ነው። ትናንትም እዚያው በሰላም ገብታችኋል።"

እሷ ከሄልሜቱ ውስጥ ሆና ግድግዳውን ታየዋለች። ከመስመሩ በላይ አንድ ስንጥቅ አለ፤ እየተጠማዘዘ ይወጣና ወዲያ ማዶ ይወርዳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ስንጥቅ ወጥታ እህቷ ቤት ወርዳለች። የበሩን ማንኳኳት ብቻ ነው ያልቻለችው።

የማይደናቀፍ ጉዞ የለም መቼም። አንድ ዓመት ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ቀለም ቀባና መስመሩ ጠፋ፤ ክቡርነታቸው እንደገና ለክተው እስኪያሰምሩ በጋው አለቀ። አንድ ዓመት አምፖሉ ተቃጠለ። የእህቷ ልጅ ስትዳር አዲሱ አምፖል "ገና ልኩን አልያዘም" ተብሎ ሠርጉ በስልክ ተሰማ። አንድ ቀን ደግሞ እሷ ሆድ ብሷት "ዛሬ አልቀመጥም" ብትል፣ ወፍጮ ቤት ሄደው ሃምሳ ስምንት ኪሎ አሸዋ በከረጢት አስመዝነው በቦታዋ አስቀመጡ። ጥቂት አይተው ወርደው ከረጢቱን ጣሉት።

"ምን ሆነ?" አለቻቸው።

"አሸዋው ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንቺ እንደዚያ አትቀመጪም።"

ይህን ምስጋና ትበለው ስድብ ሳትወስን ቀረች። ሃምሳ ስምንት ኪሎ መሆኗን ግን ማን እንደነገራቸው ገረማት። ሌላም የሚገርማት ነገር ነበር፤ ብቻቸውን በሞተሯ ወጣ ሲሉ መብራቷ ጭቃ ለብሳ እንኳ ዞር ብለው አያዩዋትም።

እሑድ እሑድ ስልክ ይደወላል።

"ያ መብራት አልበራም?" ትላለች እህት።

"በርቷል እትዬ። ልኩ ነው የቀረው።"

"በቀን ኑዋ! እናንተ ሰፈር ፀሐይ አትወጣም?"

ይህ ለክቡርነታቸው ሲነገር መልስ አያጡም። "ጉሙስ? ተራራው ሆድ ውስጥ ያለው ዋሻስ? ፀሐይ ዋሻ ትገባለች?"

ዘንድሮ ግን አንድ እሑድ እትዬ አልቀለደችም። "ዓይኔ እየከዳኝ ነው" አለች። "ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም ብሎኛል። እስካሁን የሰው መልክ እለያለሁ። ቶሎ ኑ ብዬ ላስጨንቅሽ አልፈልግም። ብቻ ስትመጪ ድምፅሽን ሰምቼ 'አንቺ ነሽ?' እንዳልልሽ ፈራሁ።"

ሚስትየዋ ድምፅ ከፍ ማድረግ አልፈጠረባትም። ክቡርነታቸው ሜትራቸውን ሲዘረጉ አጠገባቸው ቆመች። "እትዬ እንድንመጣ ትፈልጋለች" አለች።

"እንሄዳለን! ይቺ መብራት ልኳን ትያዝና።"

የዓይኑን ነገር ሳትነግራቸው ሄልሜቷን አጥልቃ ከኋላ ወጣች። የዚያን ዕለት ራት አልወርድ አላት። በማግሥቱም እንዲሁ። እሳቸው ሳህኗን አያዩም፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። እሷም ለማንም ምንም አላለችም፤ ቀን ቀን የግራውን ሳጥን ከፍታ ነጠላ ጫማውን ታየውና መልሳ ትዘጋለች።

ከዚያ ዝናቡ ወር ገደማ ደጅ አላወጣቸውም፤ ሲያባራ አንድ ምሽት እንደልማዳቸው ተቀመጡ። ብርሃኑ ከመስመሩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ወደቀ።

"ዘንበል አትበይ!"

"አላልኩም።"

ዞረው አዩ፤ እውነትም መደገፊያዋን ተደግፋ ቀጥ ብላለች። ክቡርነታቸው ወረዱ። የጎማውን ንፋስ ለኩ፤ ልክ ነው። ሞላውን ዳሰሱ፤ ደህና ነው። ውሃ ልክ አምጥተው መሬቱን አዩ፣ አሥሩን ሜትር ደግመው ለኩ፣ ሳጥኖቹን ከፍተው ዕቃውን ቆጠሩ። ልብስ ሰፊው እንኳ መቀለዱን ትቶ ያያል። በመጨረሻ የቀረ ነገር ቢያጡ ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ።

ትኩር ብለው አዩዋት። እጇን ሳብ አድርገው የእጅ ሰዓቷን ነካ ቢያደርጉት ተንሸራትቶ ክርኗ ድረስ ሄደ።

"መብራቷ ምንም አልሆነችም" አሉ፣ ድምፃቸው ከወትሮው አንሶ። "የጎደልሽው አንቺ ነሽ። ስምንት ኪሎ ያህል።"

"እኔ እንጃ።"

"ምን ሆነሽ ነው?"

ያን ጊዜ ነገረቻቸው። ስለ እትዬ ዓይን፣ ስለ ሐኪሙ፣ እስከ መጨረሻው። ሄልሜቷን ሳታወልቅ ነው የነገረቻቸው፤ እንባዋ እንዳይታይ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነላት።

ክቡርነታቸው ካቻቢቴውን አገላብጠው አዩት። "እኔማ ብቻዬን ብሆን በሻማም እሄድ ነበር" አሉ። "ከኋላዬ አንቺ ስላለሽ እኮ ነው።" ከዚያ ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከትተው፣ "ነገ ማለዳ እንነሳለን" አሉ።

"መብራቷስ?"

"ዝቅ ብላ ታብራ።"

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው መርፌ በእጁ እንደያዘ ደጁ ላይ ደርቆ ቀረ። ሞተሯ ግድግዳውን አልፋ ታጠፈች። ዋሻው ውስጥ ብርሃኑ ከጎማው ፊት ጥቂት እርምጃ ብቻ ያሳይ ስለነበር ክቡርነታቸው እንደ ኤሊ ነዱ፤ ከኋላ ያሉት መኪኖች ሁሉ ጮኹባቸው። እሷ አንዱንም አልሰማችም።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ደጅ ወጥታ ግንቡን ተደግፋ ጠበቀቻቸው። የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችውና ዓይኗን እየጨፈነች እየገለጠች ረጅም ጊዜ አየችው።

"አርጅተሻል" አለች።

"አንቺም እትዬ።"

"የራሴው አይታየኝም። ዓይኔ ለዚህ እንኳ ደግ ሆነልኝ።"

ክቡርነታቸው ግን ያው ክቡርነታቸው ናቸው። በነጋታው ከእትዬ ግድግዳ አሥር ሜትር ለኩ፣ በጠመኔ አሰመሩ፣ አዋጅም አወጡ። "ብሎኗን አልነካም። ስምንቱ ኪሎ ሞልቶ ብርሃኑ በራሱ መስመሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ የለም።"

እትዬ አዋጁን ስትሰማ ሳቀች። በየምሽቱ በርጩማዋን ግድግዳው ሥር አድርጋ ትጠይቃለች፦ "ከመስመሩ በላይ ነው በታች?" "በታች ነው" ይሏታል። "እሰይ!" ትላለች።

ግን እህትና እህት አብረው ሲበሉ ይበላል። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። ቀሚሷ ወገቧ ላይ ጠበቀ፤ ሰዓቷ በቦታው ረጋ። በአርባኛው ቀን ግድም ምሽት ላይ ስትቀመጥ ብርሃኑ ቀስ እያለ ወጣ። ወጣና ልክ ጠመኔው ላይ አረፈ።

እሷ አየችው። ከዚያ ሄልሜቷ የባሏን ትከሻ እስኪነካ ድረስ በዝግታ፣ እጅግ በዝግታ፣ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ብርሃኑ ሁለት ጣት ወረደ።

"ከመስመሩ በላይ ነው በታች?" አለች እትዬ ከበርጩማዋ።

ክቡርነታቸው ትከሻቸው ላይ ያረፈውን ሄልሜት በእጃቸው ነካ አደረጉ። ግድግዳውን አዩ።

"በታች ነው" አሉ። "ገና ነን።"