የዝግባ ውኃው አምባሳደር በላፍቶ

አንድ ሰፈር ሰፈር ለመባል ውኃም መብራትም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አገሩን የሚያወድስ አንድ ሰው ነው። ውኃና መብራት ቀስ ብለው ይደርሳሉ፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ጎጆ ጋር አብሮ ይተከላል። ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያሻም፤ ሰላምታው ሳያልቅ ራሱ ይነግርዎታል። እርስዎ የትውልድ አገርዎን ስም ከጠሩ ደግሞ ባልጠራሁ ብለው ይጸጸታሉ።

ለላፍቶ የደረሷት ክቡር ጋሽ ላቀው ናቸው። አገራቸው ወሎ፣ ዝግባ ውኃ የምትባል መንደር ናት። ላፍቶ ውስጥ ቤት ሠርተው፣ ልጆች አሳድገው ድረው፣ የእድሩ ዳኛ እስከመሆን ደርሰዋል፤ ሲናገሩ ግን ነዋሪ ሳይሆኑ ዝግባ ውኃ ለአጭር ጊዜ የላከቻቸው ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ይመስላሉ። ይህን ሁሉ በአጥር ማዶ ሆኖ ለዓመታት ያዳመጠው ጎረቤታቸው መምህር ኢያቄም ነው። ሚስቱ ናዝሬት እንደምትለው፣ ኢያቄም ዝግባ ውኃን ሳያያት ካርታዋን መሣል ይችላል።

በረዶ ወርዶ የወይዘሮ አረጋሽን ጣሪያ ወንፊት ያደረገው ጊዜ፣ ሴትዮዋ እሪ ሲሉ ጋሽ ላቀው አንገታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው አጽናኗቸው።

«ይሄ ደሞ በረዶ ነው? እኛ አገር በረዶ በሬ ይጥላል!»

ወይዘሮ አረጋሽ በሬ ስላልነበራቸው ሳይጽናኑ ቀሩ። የገዛ ዶሯቸውን ጅብ የወሰደባቸው ለታም ጋሽ ላቀው አላዘኑም። «የእኛ አገር ጅብ ቢሆን እኮ ቆጡንም አይተውም ነበር» ብለው የላፍቶን ጅብ በስንፍናው ናቁት። አንድ ጊዜ ደግሞ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ በረጅሙ ተንፍሰው «እኛ አገር ነው ሰው ሞተ የሚባለው» አሉ። ለቀስተኛው ሟቹ በመጠኑ ብቻ የሞተ እስኪመስለው ድረስ እርስ በርሱ ተያየ።

እንዲህ ያለ አገር ትተው ለምን እንደመጡ፣ ከመጡስ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንዳልተመለሱ የሚጠይቃቸው አልነበረም። መጀመሪያ መንገዱ አስቸገረ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ጉልበታቸው ታመመ። የሚያወድሱት የዝግባ ውኃ ጫካ ቁመት ግን በየዓመቱ ይጨምር ነበር። ኢያቄም መጀመሪያ ሲሰማ ዝግባዎቹ ቤት ያህሉ ነበር፤ በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ደመና ነክተዋል።

ችግር የመጣውም በዚያው ዓመት ነው። ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ አርማ በመምረጥ ተጠምዷል። ክልሎች ባንዲራቸውን ሰቅለው፣ አርማቸውን አስቀርጸው ሲያበቁ፣ ነገሩ ቁልቁል ወርዶ ላፍቶ ደረሰ። ሊጠበቅ የሚገባው የተፈጥሮ ውበት ካላችሁ አሳዩ፤ አካባቢያችሁን የሚወክል ተክል ወይም እንስሳ ምረጡ የሚል መመሪያ መጣ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኢያቄም በስብሰባው ላይ ስላልተገኘ በሙሉ ድምፅ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ።

በአርማው መስማማት አልተቻለም። ወይዘሮ አረጋሽ ገራም ናት ብለው ርግብ መሰሏን ዋኔን አቀረቡ። የአይሱዙ ሹፌሩ ቦጋለ ሰፈሩን በነፃ የሚያጸዳው ጅብ ነውና ጅብ ይሁን አለ። ጎህ ሲቀድ ቆርቆሮ ላይ ቆማ ሰፈሩን በጩኸት የምታምሰውን ወፍ፣ ጋጋኖን፣ የጠቆመም ነበር፤ ሐሳቡ በሳቅ ወደቀ። ስለ ውበቱ ግን ክርክር አልተነሳም። ከላፍቶ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ በወይራና በቀጋ መሐል ከጥቁር አለት ላይ የሚወርድ ፏፏቴ አለ። ትልቅ አይደለም። ኢያቄም ናዝሬትን ታገቢኛለሽ ወይ ያላት እዚያ ነው፤ በውኃው ድምፅ ምክንያት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረበት። ዛሬም እሑድ እሑድ ይወርዳሉ።

አለቱን ግን ሌሎችም ይፈልጉታል። ቦታው ለድንጋይ ካባ ይሰጠን ያሉ ሰዎች መልስ እየጠበቁ ነበር። ውበቱን ለማየት ከመንግሥት ቢሮ የሚላኩት ጎብኚዎች ፏፏቴውን ከወደዱት ይከለላል፤ ካልወደዱት በድማሚት ይነሳል። ኢያቄም ይህን ካወቀ ወዲህ እንቅልፉ ቀነሰ።

የባሰ የቀነሰው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚመርቅና የሚናገር ማን እንደሆነ ትዝ ያለው ዕለት ነው። በዕድሜም በማዕረግም የእድሩ ዳኛ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ስለ ፏፏቴው ያላቸውን አቋም በአደባባይ ካሳወቁ ቆይተዋል።

«ይሄ ደሞ ፏፏቴ ነው? እኛ አገር ጣሪያ ሲያፈስ እንዲህ ነው።»

ኮሚቴው በኢያቄም ቤት ተሰብስቦ ተጨነቀ። ጋሽ ላቀው ዛሬ አይናገሩ የሚል ደፋር ጠፋ። ሽማግሌ አልፎ መናገር ነውር ነው፤ ሽማግሌን ዝም በሉ ማለት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። በመጨረሻ ወይዘሮ አረጋሽ መላ አመጡ።

«ለምን አገራቸውን አይተው አይመጡም?»

ከይሉኝታ ለመሸሽ ሲባል ሰውን በክብር መሸኘት የእኛ ሰው የቆየ ብልሃት ነው። ቦጋለ ለኅዳር ሚካኤል ጭነት ሊያመጣ ወሎ ይሄዳል፤ ጋሽ ላቀውን ጋቢና አስቀምጦ ይወስዳቸዋል፤ ጎብኚዎቹ እስኪሄዱም እዚያው ያቆያቸዋል። ኢያቄም ሊነግራቸው ሲሄድ ጋሽ ላቀው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እናንተ ልጆች፣ ለእኔ ይሄን ታስባላችሁ?» አሉ። «እግዜር ያክብርልኝ!»

ኢያቄም በዚያ ሰዓት መሬት ብትውጠው ይወድ ነበር። ግን ፏፏቴውን አሰበና የመነሻውን ቀን ነገራቸው።

ጋሽ ላቀው አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሰፈሩ ጭር አለ። ፀሐዩም ንፋሱም ከማንም ጋር ሳይወዳደር ዋለ። ሆኖም ጎብኚዎቹ መኪና ተበላሽቶብናል ብለው ቀጠሮውን በሳምንት አራዘሙት፤ ጋሽ ላቀውም ከጎብኚዎቹ አንድ ቀን ቀድመው ተመለሱ። ከአይሱዙው ወርደው «ደህና ሰነበታችሁ?» ብቻ ብለው ቤታቸው ገቡ።

ኢያቄም ቦጋለን ክንዱን ይዞ ሳበው።

«ምን ሆነው ነው?»

«ጫካው የለም» አለ ቦጋለ በሹክሹክታ። «ጉቶ ብቻ ነው። የመንደሩ ምንጭም ደርቋል። ገና ያየሁትን ሁሉ አላጫወትኩህም፤ ላራግፍና እንገናኝ፣ ጭነቱን ሳላወርድ ሊመሽብኝ ነው።»

ጎብኚዎቹ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደረሱ፤ ሁለት ወንዶችና አለቃቸው የሆነች ወጣት ሴት። ጫማዋ ለገደል የተሠራ አልነበረም። እየተንሸራተተች ወርዳ ፏፏቴው ፊት ስትቆም ፊቷ ላይ የታየው ድካም ብቻ ነው።

«ያላችሁት ይህ ነው?» አለች።

ጋሽ ላቀው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወይዘሮ አረጋሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኢያቄም ጣሪያ ሲያፈስ ታየው።

ሽማግሌው አስቀድመው መረቁ። ከዚያ «ልጄ» አሉ፣ «የእኛ አገር ጫካ ትልቅ ነበር። በጣም ትልቅ ስለነበረ ማን ይጨርሰዋል ብለን የጠበቀው ሰው አልነበረም። እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ ሳወድሰው አለቀ። ይሄ እንደምታዪው ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነ ሁላችንም እንጠብቀዋለን። ድማሚት ካገኘው ግን ለአንድ ጠዋት እንኳ አይበቃም።»

ልጅቱ ፏፏቴውን እንደ አዲስ አየችው። ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ እጇንም ውኃው ውስጥ ነከረች። ቆየት ብላ ስለ አርማው ጠየቀች። ኢያቄም አልተስማማንም ብሎ አንገቱን ሲደፋ ጋሽ ላቀው ቀደሙት።

«ጋጋኖን ጻፊ።»

«ያቺን ጯሂ ወፍ?»

«አዎን፣ የምትጮኸውን። እኛ አገር ዝም ያለውን ሁሉ ነው የቆረጡት።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ፏፏቴው እንዲከለል፣ ጋጋኖም የላፍቶ ምልክት እንድትሆን መወሰኑን የሚገልጽ መልስ ከጥምቀት በፊት መጣ። የካባ ፈላጊዎቹ ወደ ፉሪ አቅጣጫ ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ ተነገራቸው። ኢያቄምና ናዝሬት በዚያው እሑድ ወርደው እስኪመሽ ተቀመጡ።

ኢያቄም ግን ደስታው ሙሉ አልሆነለትም። ሽማግሌውን አታልሎ መላኩ ይከነክነዋል። ይባስ ብሎ ጋሽ ላቀው ሁሉንም ነገር በዝምታ ይቀበሉ ጀመር። ቅዝቃዜው ሲብስ «ይበርዳል» ይላሉ፤ በቃ። ያን ድምፅ ትናፍቃለህ ብሎ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ኢያቄም ድሮ ይስቅበት ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል እየቆመ ጆሮውን ይጥላል። ሰውየውን ይወዳቸው እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

አንድ ቀን ከቦጋለ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠው ይህንኑ አጫወተው። ቦጋለ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሳቀ።

«ያላጫወትኩህን ልንገርህ። መጀመሪያ ጉቶው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ማንም አላወቃቸውም። በኋላ የመንደሩ ሰዎች ከበቧቸውና ከየት ነዎት አሏቸው።»

«ዝግባ ውኃ ናቸዋ!»

«ከላፍቶ አሉ። አልቅሰው ሳያበቁ እኮ ነው! ከዚያ ማን ያቁማቸው? ቡና አቀረቡላቸው፤ ይሄ ደሞ ቡና ነው፣ እኛ ላፍቶ ብትቀምሱ! ብርድ ሆነ፤ እኛ ላፍቶ ነው ብርድ! ወይዘሮ አረጋሽ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት አላቸው። ፏፏቴው ሲወርድ ድምፁ ደብረ ዘይት ይሰማል።»

ኢያቄም እስኪያስለው ሳቀ። ቦጋለ ግን አልጨረሰም።

«አንተንም አልተውህም። አንድ ሊቀ መንበር አለን አሉ። ቁመቱ በበር ጎንበስ ሳይል አይገባም፣ አራት ቋንቋ ይናገራል፣ ሲቆጣ ባለሥልጣን ከወንበሩ ይነሳለታል። ልጄ ነው አሉ። ይሄን መንገድ ያሰበልኝ እሱ ነው፣ ለሚቀጥለው ሚካኤል ይዤው እመጣለሁ፣ ታዩታላችሁ ብለው በሚካኤል ስም ቃል ገቡ። ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው።»

የኢያቄም ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት የሚነካው በጣቱ ብቻ ነው፤ ከአማርኛ ሌላ የሚያውቀው ደግሞ የሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ጋቢና ለሦስት ይበቃል?» አለ።

«ይበቃል።»

«እንግዲያው ቦታ ያዝልኝ» አለና ጀርባውን አቅንቶ፣ የሚችለውን ያህል ረዝሞ ተነሳ።