ፈረስ አልችልም ማለት አፍሬ

ይህን ወግ እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ፣ አንድ ሙሉ ሠርግ በአንዲት ቃል እጦት እንዴት ሊበላሽ እንደነበር አጫውታችኋለሁ። ጊዜዬን በላብኝ የሚል አንባቢ ካለ እንጅባራ ይምጣና ፊት ለፊት ይውቀሰኝ። ቃሏ «ማፈር» ናት።

እስኪ ልብ በሉ፤ ይህችን ቃል ለሌላ ሰው ስናድላት እንዴት ለጋሶች ነን! እናት ልጇን «አታፍርም?» ትለዋለች። የሚኒባስ ረዳት፣ መውረጃው ካለፈ በኋላ «ወራጅ» ብሎ የጮኸውን ሰውዬ «ትልቅ ሰው አያፍርም እንዴ?» ይለዋል። እንግዳ ሲመጣ «አትፈር፣ ብላ» ነው። ወደ ራሳችን ስትመጣስ? እዚያው እያፈረ «አፍሬያለሁ» ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ፊታችን በርበሬ መስሎ «ሙቀቱ ነው» እንላለን። እንጅባራ ላይ! በሐምሌ!

ይህን ለጓደኞቼ ደጋግሜ አብራርቻለሁ። ማብራራት እወዳለሁ። ከስልኬና እጄ ከገባ መጽሐፍ ሁሉ የለቃቀምኩት እውቀት ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እመልሳለሁ።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ጓደኛዬ ደሳለኝ ከፋሲካ በኋላ ዳንግላ ላይ ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። በእኛ በአዊ የሙሽራው መኪና የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ሠርግ ያለ ፈረስ አይሞቅም። የደሳለኝ አጎት አያ አለኸኝ አንድ ዳማ ፈረስ አስጊጠው አመጡልኝና «መቼም ፈረስ ትችላለህ» አሉኝ። አዊ ውስጥ ይህ «መቼም እግር አለህ» እንደማለት ነው። እኔ ደግሞ ከተማ ውስጥ በባጃጅ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ እስከዚያ ቀን የተቀመጥኩበት ትልቁ እንስሳ በግ ነው፣ እሱም ጥሎኛል። «አያ፣ አልችልም፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ምን ጥርጥር አለው!» አልኩ። ይባስ ብዬ እርካብ እንዴት እንደሚረገጥ ለሌሎቹ ሚዜዎች አብራራሁላቸው።

ለእውቀቴ ሽልማት የጥሎሹ ሻንጣ ጀርባዬ ላይ ታሰረ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የሙሽራዋ አባት አያ ፈንታ «ጥሎሹ ከስድስት ሰዓት በፊት ሽማግሌዎች ፊት ካልተዘረጋ ልጄ ከቤት አትወጣም» ብለው ልከዋል። እሳቸው ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

ሠርገኛው እየዘፈነ ጋለበ። እኔም የፈረሱን ጋማ ሙጭጭ አድርጌ ተከተልኩ። አስፋልቱ ዳር አንዲት እናት የድንች ጆንያቸውን አጠገባቸው አቁመው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ እልል አሉልን። ዳማው ቀጥ አለ። ልክ ፊታቸው። ጎኑን ሰጥቶ፣ በትሕትና። እሳቸውም ለእሳቸው የቆምኩ መስሏቸው በአገውኛ መረቁኝና «ወደ ገበያ ነህ፣ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የቆመው ፈረሱ ነው፣ እኔ የለሁበትም ልበል? አፈርኩ። ጆንያው ከፊቴ ተጫነ፤ እሳቸውም ከጎን ከጎን ተከተሉን።

ፈረሱ ጭነት ሲያገኝ ነፍሱ ተመለሰች። ሠርገኛው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ገበያው ጫፍ የጋሪ ተራ ገብቶ ከመጨረሻው ጋሪ ኋላ ተሰለፈ። እዚህ ላይ እኔም ገባኝ፤ የተቀመጥኩት የጋሪ ፈረስ ላይ ነው!

ሴትዮዋ ድንቻቸውን አውርደው፣ ደግመው መርቀውኝ ሄዱ። ዳማው ግን ንቅንቅ አላለም። ባለጋሪዎቹ ሙሉ ልብሴንና ከረባቴን አይተው በሳቅ ወደቁ። አንዱ «ተራ አስከባሪ፣ አዲሱን ሠራተኛ መዝግብ!» አለ። ሌላው «ጋሪህን የት ጣልከው፣ የኔ ጌታ?» አለኝ። እኔ ሆን ብዬ የቆምኩ ለመምሰል ሰማዩን አያለሁ። ስልኬ ጠራ። ደሳለኝ በለቅሶ ድምፅ «የት ነህ? ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሰውዬው በር ላይ ቆመዋል!» አለኝ። «ደርሻለሁ፤ ኔትወርክ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ዘጋሁትና የጓደኛዬ ትዳር ጀርባዬ ላይ ከበደኝ። ለባለጋሪዎቹ ጮክ ብዬ «ወንድሞቼ፣ ፈረስ አልችልም። ይህን መናገር አፍሬ ነው» አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። ያ «ጋሪህን የት ጣልከው?» ያለኝ ሰውዬ ዘሎ ልጓሙን ያዘና «እስካሁን ምን አፍህን ዘጋው? ያዝ!» ብሎ እየጎተተን ሮጠ። የቀሩትም ጋሪያቸውን እያንጋጉ ተከተሉን። ያን የመሰለ አጀብ አይቼ አላውቅም።

ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሴቶቹ ዘፈናቸውን አቁመዋል፤ ደሳለኝ አመድ መስሏል። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቆመው «ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ። አያ አለኸኝ ፈጠን ብለው «መንገድ ተዘግቶ ነው» ሊሉ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። «አያ ፈንታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፈረስ አልችልም ማለት አፍሬ ነው» አልኩ። አያ አለኸኝም ጉሮሯቸውን ጠርገው «የእኔ ፈረስ አንክሶብኝ የጋሪ ፈረስ ተውሼ ነው። መናገሩን እኔም አፈርኩ» አሉ።

አያ ፈንታ ማንም እንዳይሰማቸው ግራ ቀኝ አዩ። ቀጥሎ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ የእኛም ወጥ ገና ውሃ ነው። አርፍዱልን ብዬ መላክ አፍሬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ብታረፍዱ እያልኩ ስለት ስሳል ነው የዋልኩት። በል ሻንጣውን ስጠኝና ወጡ እስኪበስል አንድ ጊዜ በዚያ ፈረስ ገበያ ደርሰህ ተመለስ።»

እናንተም ዛሬውኑ ሞክሯት። ለአለቃችሁ፣ ለአማታችሁ፣ ለምታፍሩት ለማንም ሰው «አፍሬ ነው» በሉ፤ አፍ አታቃጥልም። ብቻ፣ ፈረስ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ይሁን።