የሚያጣላው ጉርሻ

የሩቁን ሰው መውደድ ማንን ያቅተዋል? የሚከብደው የቅርቡ ነው። የማናውቀውን ሕዝብ ሁሉ ለማቀፍ እጃችንን ዘርግተን ስንሮጥ፣ ደረጃ ላይ ያገኘነውን ጎረቤት ሰላም ሳንል እናልፋለን። ሌላውን ለምን አማለሁ? እኔው አለሁ አይደል!

ተስፋይና እኔ ተማሪ ሳለን፣ እሱ ክራር እኔ አኮርዲዮን ይዘን፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ያልተጫወትንበት ሠርግ አልነበረም። እሱ የአስመራ፣ እኔ የጉለሌ ልጅ፤ ማን ጠይቆን! ሽቫንሃይም ሰፈር በነበረችኝ አንዲት ክፍል ከአንድ ድስት እየበላን፣ ከታች የምትኖረው አሮጊት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን እስክትደበድብ እንለማመድ ነበር። ዛሬ ያ ድብደባ እንኳ ይናፍቀኛል። ኋላ አገሮቻችን ተዋጉ፤ እኛም አንዲት ጥይት ሳንተኩስ ተኳረፍን። እሱ ሮደልሃይም ወደሚባል ሌላ ሰፈር ገባ። ባቡር ላይ ስንገጣጠም ሁለታችንም መስኮቱን እናያለን።

በቀደም አና የምትባል ወጣት ጀርመናዊት ደወለችልኝ። ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች አብረው የሚጫወቱበት፣ ዘር አይለየን የሚል አጭር ፊልም ልትሠራ ኖሯል። «ክራር ተጫዋችም አግኝቻለሁ» አለች። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እየፈራሁም ደስ እያለኝም ሄድኩ።

ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ በሚገኝ ባዶ መጋዘን፣ ከአንድ ቱርክ ከበሮ መቺና ከአንዲት ጀርመናዊት ቫዮሊን ተጫዋች ጋር ተጫወትን። ክራሩን የያዘው ተስፋይ ነበር። የተስፋይና የእኔ ጣቶች አልተኳረፉም ነበር፤ አፋችን ግን ቃል አልተነፈሰም። በመጨረሻ አና እንጀራ አስቀረበችና «እናንተ እንኳ ወንድማማቾች ናችሁ፤ ተጎራረሱ» አለችን። ለእሷ የሚታረቁት ጥቁርና ነጩ ናቸው!

ተስፋይ ጠቀለለና «ይጉረሱ» አለኝ። አንቱ ብሎ! ጎረስኩ።

«ግሩም! ጨርሰናል» አለች አና።

እንዴት ይጨረሳል? አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ ማን ይንገራት? እኛ ደግሞ ለሌላ ጠብ ዕድሜውም የለን።

«ኖኽማል! ይደገም! ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ብዬ ዋሸኋት።

ተስፋይ ከስንት ዘመን በኋላ ቀና ብሎ አየኝ። ገባው። ጉንጭ የሚወጥር፣ የድሮውን የመሰለ ጉርሻ ጠቀለለ። «ጉረስ፣ አንታ!» አለኝ፤ በትግርኛው አንተ ብሎ። እየሳቅሁ እንባዬ መጣ፤ እሱም እንደኔው።

ፊልሙ ሲታይ አና ያስገባችው የመጀመሪያውን ጉርሻ ነው። «ሁለተኛው ላይ ስቃችሁ አልቅሳችሁ፣ ትወና መሰለብኝ» አለች። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ተስፋይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «በአገር ፊት አጣላችን እኮ! እሁድ አኮርዲዮንህን ይዘህ ቤቴ ና።»

እኔም ከበታቹ የሚኖረው ሰው መጥረጊያ እንዳለው ብቻ ጠየቅሁት።